ባዶ ቦታ የለም፦ በጠባብ ተሽከርካሪ ውስጥ ሰብዉፈር ስለ መግጠም
(በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ በጅማ ከተማ የቀረበ ንግግር)




በዚህ መድረክ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ሲነገር መስማት ለምደናል። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ስለ አንድ የእንጨት ሣጥን ልነግራችሁ ነው። ሣጥኑ በውስጡ አንድ ስፒከር የያዘ፣ በመኪና ውስጥ የሚገጠም፣ ባለሙያው ሰብዉፈር፣ ሕዝቡ ደግሞ በአጭሩ ቤዝ የሚለው ነው። ርእሱ ቀላል መስሎ የሚታያችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የኅዳር ሌሊት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ስለምንነጋገርባቸው ተሽከርካሪዎች ጥቂት ልበል። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ለቆመ ሰው፣ የሚያልፈው ሁሉ ጭነት የያዘ ነው። ባለ ሁለት ጋቢናው ፒካፕ እሸት ቡና ይጭናል፤ አይሱዙው ጀንፈል ይጭናል፤ ሚኒባሱ ሰውንና የሰውን ጓዝ ይጭናል፤ ባጃጁም የቻለውን ሁሉ ይጭናል። በዚህ አገር ተሽከርካሪ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን ባለ እንጀራውም ጆሮ አለው። ሾፌሩ ከጎሕ እስከ ምሽት በመሪው ላይ ሲውል አሊ ቢራን ወይም ጥላሁን ገሠሠን ቢያደምጥ የሚነቅፈው አይኖርም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። የናፍጣ ሞተርና የጠጠር መንገድ የሚያሰሙት ጫጫታ አብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ይኸውም የሙዚቃውን ወፍራም ክፍል ይሸፍነዋል። በበሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ ያንን ክፍል በበቂ ኃይል ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ሾፌሩ የጎደለውን ለማግኘት ሁሉንም ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ከበሮው አሁንም አይሰማም፤ ጆሮው ግን ይጎዳል። በሚገባ የተገጠመ ሰብዉፈር ጠቅላላውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለማድመጥ ያስችላል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ዕቃው ቅንጦት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልመለስ።

አጎቴ ከአጋሮ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች እሸት ቡና እየሰበሰቡ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክቡ ሰው ናቸው። መኪናቸው ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ኋላው ለቡናው ነው፤ ከጋቢናው ውጭ ዕቃ ማስቀመጫ የለውም። እኔ መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ለእርሳቸው አንድ ነገር ላድርግላቸው ብዬ ሰብዉፈር ልገጥምላቸው ተነሣሁ። ከኋላ ወንበሩ መደገፊያ በስተጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አየሁ፤ ለካሁ፤ 28 ሊትር የሚይዝ ሣጥን እንደሚያስገባ አረጋገጥሁ። ሣጥኑን አሠራሁ፤ በስምንት ብሎኖች አጥብቄ አሰርሁት፤ በላዩም ምንጣፍ አለበስሁት። ድምፁ ግሩም ነበር። አጎቴም ተደሰቱ፤ እኔም ኮራሁ።

ያ ባዶ ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻውና የመሣሪያ ከረጢቱ በዚያ ነበሩ። ሣጥኑን ስገጥም ከሥሩ ወዳለው ጥግ ገፋ አድርጌ፣ «አሉ» ብዬ ትቼአቸዋለሁ።

በኅዳር ወር፣ ዐሥር ኩንታል ያህል እሸት ቡና ጭነን ወደ ጣቢያው ስንመለስ፣ ከመሸ በኋላ አንድ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው ደኅና ነበር። ክሪኩ ግን ከሣጥኑ ጀርባ ነው። ሣጥኑን ለማንሣት ስምንቱን ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል፤ የብሎኖቹ መፍቻ ደግሞ በመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ከረጢቱም ከሣጥኑ ጀርባ ነው። አጎቴ በእጅ ባትሪ እያበሩ ለረጅም ጊዜ ሣጥኑን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ሣጥን ይዘፍናል እንጂ ጎማ አያነሣም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ ክሪክ እስኪያውሰን ድረስ አራት ሰዓት ያህል አለፈ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል እንደሚገባው እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ በጆንያ ታፍኖ ከቆየ ይሞቃል፤ መብላላትም ይጀምራል። ጣቢያው ስንደርስ ቡናው ለእጥበት አልሆነም፤ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በጀንፈልነት እንዲደርቅና በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው ብናስብ፣ ከመቶ ስልሳ ኪሎ በላይ የሆነ የታጠበ ቡና ማለት ነው የቀረው። ጥፋቱ የመንገዱም፣ የጎማውም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ የእኔው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሆኖ ሳለ ሊፈታ እንኳ አልቻለም።

ከዚህ ያገኘሁት የመጀመሪያው ትምህርት የሚከተለው ነው። በጠባብ ተሽከርካሪ ውስጥ ባዶ ቦታ የሚባል የለም፤ ያለው ባለቤቱ ለጊዜው ያልታየ ቦታ ነው። ስለሆነም ሜትር ከመዘርጋት በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ባለ መኪናውን መጠየቅ ነው። በሳምንት ውስጥ በዚያ ቦታ ምን ይቀመጣል? በአዝመራ ጊዜስ? ሌሊት፣ በዝናብ፣ በጭቃ ውስጥ ምን ከዚያ ይወጣል? ክሪክ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የቡና ናሙና ከረጢት፣ የልጅ መኝታ፣ ሁሉም መልስ ነው። መልሱ ከተመዘገበ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ይሆናል። ነገር ግን እንደምንመለከተው፣ ትንሹ ይበቃል።

ሁለተኛው ትምህርት የፊዚክስ ነው፤ የሚያጽናናም ነው።

በድምፅ ማጉያ ሣጥን ሥራ ላይ ሆፍማን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ስሙን የተወለት አንድ ጽኑ ሕግ አለ። ወፍራም ድምፅ በጥልቀት መውረድ፣ ትንሽ ሣጥን፣ በአነስተኛ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን እንጂ ሦስቱንም ባንድነት ማግኘት አይቻልም። በሳሎን ቤት ውስጥ ይህ ሕግ በጣም ይከብዳል። በመኪና ውስጥ ግን አንድ ረዳት እናገኛለን፤ እርሱም ጠባብነቱ ራሱ ነው።

በ40 ኸርዝ ድግግሞሽ የአንድ ድምፅ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የፒካፕ ጋቢና ከፊት መስተዋት እስከ ኋላ መስተዋት 2 ሜትር ከ20 ብንለው፣ ሞገዱ በውስጡ ሊዘረጋ ቦታ የለውም። ስለዚህ የስፒከሩ ሸራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል በጋቢናው ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ ባንድነት ያምቀዋል፣ ይለቀዋል፤ ልክ እንደ ጎማ መንፊያ ማለት ነው። የድምፅን ፍጥነት 343 ሜትር በሴኮንድ አድርገን በጋቢናው ርዝመት እጥፍ ስናካፍል 78 ኸርዝ እናገኛለን። ከዚህ ድግግሞሽ በታች፣ ጋቢናው በሚገባ ዝግ ከሆነ፣ ድምፁ በየኦክታቩ እስከ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። በሮቹ ስለሚያሳልፉ፣ ላሜራውም ስለሚንቀጠቀጥ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። ሆኖም 12 ዴሲቤል ማለት 16 እጥፍ ኃይል ማለት መሆኑን ስናስታውስ፣ ግማሹ እንኳ ትልቅ ስጦታ ነው።

በሌላ በኩል የዝግ ሣጥን ድምፅ ከራሱ የንዝረት ነጥብ በታች በየኦክታቩ በ12 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ሁለቱ ይቻቻላሉ። በጠባብ ጋቢና ውስጥ ትንሽና ዝግ ሣጥን የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ቀዳዳ ያለው ሣጥን ኃይሉ ብዙ ቢሆንም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በጠባብ ቦታም የሚያጉረመርም ድምፅ ያወጣል።

ስሌቱ አውስትራሊያዊው ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናትና ከእርሱ በኋላ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስፋፋው ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። የስፒከሩ አምራች ሦስት ቁጥሮች ይሰጣል፤ እነርሱም የንዝረት ነጥቡ፣ ከሸራው ልስላሴ ጋር እኩል የሚሆነው የአየር መጠንና የንዝረት መግቻው ልክ ናቸው። የአየሩን መጠን በሣጥኑ መጠን አካፍሎ፣ አንድ ደምሮ፣ ከዚያ የካሬ ሥሩን ማውጣት ነው። በተገኘው ቁጥር የንዝረት ነጥቡና የመግቻው ልክ ሁለቱም ይባዛሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው የእኔ ስፒከር ባለ 10 ኢንች፣ ቁጥሮቹም 30 ኸርዝ፣ 40 ሊትርና 0.45 ነበሩ እንበል፤ በ28 ሊትር ሣጥን 47 ኸርዝና 0.70 ይሆናሉ። አሁን ባለ 8 ኢንች፣ 38 ኸርዝ፣ 18 ሊትርና 0.45 የሆነ ስፒከር በ12 ሊትር ሣጥን ብናስገባ 60 ኸርዝና 0.71 እናገኛለን። የመግቻው ልክ በ0.7 አካባቢ ሲሆን ድምፁ ጠብቆና ጠርቶ ይወጣል። 60 ኸርዝ ጋቢናው መርዳት ከሚጀምርበት ከ78 ኸርዝ በታች ስለሆነ፣ ሣጥኑ ሲደክም ጋቢናው ይቀበለዋል። ከ28 ሊትር ወደ 12 ሊትር ወርደን የምናጣው ድምፅ በወረቀት ላይ ከሚታየው እጅግ ያነሰ ነው።

ከዚህም በላይ የሰው ጆሮ ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በደንብ አይለይም። ማጣሪያው በዚያ ድግግሞሽ ከተስተካከለ፣ ሣጥኑ ከወንበር ሥርም ይሁን ከእግር በታች፣ አድማጩ ሙዚቃውን ከፊት እንደመጣ ያደምጠዋል። ይህ ማለት ሣጥኑ የቦታ ምርጫ የለውም፤ ክሪኩ ግን አለው። ስለዚህ ቦታውን መልቀቅ ያለበት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ረዳት ለሁሉም ተሽከርካሪ እኩል አይሠራም። የሚኒባስ ውስጡን ርዝመት 4 ሜትር ተኩል ያህል ብንወስድ እርዳታው የሚጀምረው ከ38 ኸርዝ በታች ስለሆነ፣ አብዛኛው ሙዚቃ ከዚያ በላይ ነው። በባጃጅ ደግሞ ጎኑ ክፍት ስለሆነ የታመቀው አየር ወዲያው ይወጣል፤ እርዳታ የሚባል የለም። በከተማችን ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ትልቅ ሰብዉፈር የጫኑ ወጣት የባጃጅ ባለቤቶች አሉ። ገንዘባቸው አየር ላይ ይበተናል፤ የባጃጁም ጄኔሬተር አነስተኛ ስለሆነ ባትሪው ይዳከማል። ለእነርሱ የሚጠቅማቸው ሁለት ጥሩ መካከለኛ ስፒከሮች ናቸው።

ስለ ሣጥኑ አሠራር በአጭሩ ልናገር። ጅማ በርጩማን ከአንድ ግንድ የሚጠርቡ፣ እንጨትን የሚያውቁ ባለ እጅ ሰዎች አገር ናት። ሣጥኑን ከእነርሱ የተሻለ የሚሠራልን የለም፤ የእኛ ድርሻ ልኩን በትክክል መስጠት ነው። የጅማ ዝናብ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ችፑድና ኤምዲኤፍ ውኃ ከጠጡ ያብጣሉ፤ ስለሆነም 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮምፔንሳቶ፣ መጋጠሚያው በኮላ የታሸገ፣ ከውጭም ከውስጥም ቨርኒሽ የተቀባ እንዲሆን እመክራለሁ። ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ካለ ሣጥኑ ዝግ መሆኑ ይቀራል፤ በቀዳዳውም የጠጠር መንገዱ አቧራ ይገባል።

ክብደቱንም እንመዝን። የመጀመሪያው ሣጥኔ ከነስፒከሩ 15 ኪሎ ነበር፤ የ60 ኪሎ የቡና ጆንያ ሩብ ማለት ነው። ያልታሰረ ቢሆንስ? በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በግጭት በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ሣጥኑ 2,900 ኒውተን በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ከ300 ኪሎ ክብደት ጋር ይተካከላል፤ ማለትም አምስት ጆንያ ቡና በተሳፋሪው ጀርባ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሣጥን በምንጣፍ ማጣበቂያ አይያዝም፤ በብሎንና በዳዶ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ሆኖም ብሎኖቹ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚፈቱ ይሁኑ፤ ይህን የምለው በገንዘብ ገዝቼው ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እናገራለሁ። አንደኛ፣ ከባትሪው የሚነሣው ዋና ሽቦ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ፣ ሽቦው መሀል ላይ ተልጦ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ አይረዳም፤ እሳት የሚነሣውም እንደዚያ ነው። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለት። ሁለተኛ፣ የሽቦው ውፍረት በስሌት ይወሰን። 200 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር በ80 ከመቶ ብቃት ቢሠራ፣ በ13.8 ቮልት 18 አምፔር ይስባል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ሽቦ 10 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ 0.15 ቮልት ያህል ብቻ ይጠፋል፤ 2.5 ከሆነ ግን 0.6 ቮልት ይጠፋል፤ ሽቦውም ይሞቃል። በገበያ ላይ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ እንደ መዳብ እየተሸጠ ስለሆነ፣ ጫፉን ፋቅ አድርጎ ማየት አይጎዳም።

ሦስተኛው የአይሱዙን ሾፌሮች የሚመለከት ነው። እነዚህ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ለ12 ቮልት አምፕሊፋየር ሲባል ከአንዱ ባትሪ ብቻ መውሰድ የተለመደ ሆኗል። የሚሆነው ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው መሞት ነው። ሾፌሩ ባትሪውን ያማል፤ ጥፋተኛው ግን ገጣሚው ነው። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ መግጠም ከሁለት ባትሪ ዋጋ ይቀላል።

ስለ ጆሮ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ለሠራተኞች በስፋት የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሌላ መኪና ጥሩምባ የማይሰማ ሾፌር ደግሞ የሚጎዳው ጆሮውን ብቻ አይደለም።

ንግግሬን ወደ ማጠቃለሉ ላምጣ። ከዚያ ኅዳር በኋላ የአጎቴን ሣጥን አወጣሁት። በሚቀጥለው ዓመት ከአዝመራው በፊት ተመልሼ ስመጣ ሜትር ሳልይዝ መጣሁ፤ በመጀመሪያ ከእርሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ በመኪናው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ ለምን እንደተቀመጠና በምን ጊዜ እንደሚወጣ ጻፍሁ። ክሪኩና መሣሪያው ከቦታቸው አልተነሡም። የናሙና ከረጢቱም ከቦታው አልተነሣም። የተረፈው ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለ አንድ ጥግ ብቻ ነበር። 12 ሊትር ሆነ። ባለ 8 ኢንቹን ስፒከር በኮምፔንሳቶ ሣጥን አድርጌ በአራት በእጅ በሚፈቱ ብሎኖች አሰርሁት። አጎቴ ዐይናቸው ከብሎኖቹ ላይ ሳይነሣ፣ «ይህን እኔም እፈታዋለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ፈቱት፤ መልሰውም አሰሩት። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ሙዚቃውን ክፈት ያሉኝ።

ውድ ባልደረቦቼ፣ በየከተማው ዳር ባሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪዎች ዘንድ ይህ ሥራ በየቀኑ ይሠራል። የሚሠሩት ወጣቶች እጃቸው የተባ ነው፤ የጎደላቸው ከፍ ብዬ ያቀረብሁት ጥቂት ስሌትና ጥቂት ጥያቄ ነው። ያንን ሊሰጣቸው የሚገባን እኛ ነን። ማኅበራችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ አንድ ገጽ መመሪያ አሳትሞ በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፊውዙ የት፣ ሽቦው ስንት፣ ብሎኑ እንዴት የሚለው በዝርዝር ይጻፍበት። በመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ከቁጥር ሁሉ በፊት፣ «ይህ ቦታ የምን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንዲሰፍር እለምናለሁ።